የሰሜኑ መስኮት፦ ፎቶግራፍን ከመማሪያ መጻሕፍት ስለ መማር

ለተማሪዎችና ለመምህራን ክፍት በሆነ መድረክ በቃል የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ተመልሶ ለንባብ በጥቂቱ የተስተካከለ።

የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ፎቶግራፍ ማንሣት ከመጽሐፍ ይማሩታልን? መልሴ «አዎን፣ ይማሩታል» የሚል ነው። ነገር ግን እንዴት ተደርጎ ቢነበብ እንደሚማሩት መናገር አለብኝ፤ በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ፎቶግራፍ መማር የጀመርሁት አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ በእጄ በገባ ጊዜ ነው። መጽሐፉ የሰውን ፊት ለማንሣት ከሁሉ የሚሻለው ብርሃን ወደ ሰሜን በተከፈተ መስኮት የሚገባው ነው ይላል። በዚያ በኩል ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ለስላሳና አንድ ወጥ ሆኖ ይቆያል ባይ ነው። እኔም ቃሉን አምኜ፣ በግንቦት ወር አንድ ማለዳ፣ ዳንግላ በሚገኘው ቤታችን፣ አያቴን ነጭ ጋቢዋን እንደለበሰች በሰሜኑ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኋት። ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። አትገባም የተባለችው ፀሐይ ከጎን ገርፋ ገባችና በትከሻዋ ላይ ባለው ጋቢ ላይ ዐረፈች። እኔ ግን መጽሐፉን እንጂ ትከሻዋን አላየሁም፤ የካሜራዬ የብርሃን መለኪያ ያዘዘኝን ተከትዬ አነሣሁ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የጋቢው ፈትል አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ፊቷ ግን ጥቁር ጥላ ሆኖ ቀርቷል። ዓይኖቿ የት እንዳሉ እንኳ አይለይም። አያቴ ዳግመኛ ፎቶ ሳትነሣ ዐረፈች።

መጽሐፉ አልዋሸም። የተጻፈው ፀሐይ በእኩለ ቀን ዘወትር በደቡብ በኩል በምትውልበት አገር ነው፤ በዚያ አገር ምክሩ ትክክል ነው። እኔ ምክሩን ተቀብዬ ምክንያቱን ሳልመረምር ቀረሁ። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር ከዚህ የተነሣ ነው፦ የፎቶግራፍ መማሪያ መጽሐፍ የአንድ ቦታ ልኬት ነው፤ የእኛ የሚሆነው ምክንያቱን ተረድተን ቁጥሩን በራሳችን ብርሃን እንደገና ስንለካው ነው።

ፎቶ ቤትና መጽሐፍ

በአገራችን የፎቶግራፍ ሙያ ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍ የኖረው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ከአርመን ወገን የሆኑት የቦያጂያን ቤተሰብ ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ አባትየው በድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ሙያው ወደ ልጆቻቸው ወደ ሃይጋዝና ወደ ቶኒ ተላልፏል። በየከተማው ፎቶ ቤትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ወጣቱ በረዳትነት ይገባል፤ መብራት ይይዛል፣ ጉርድ ፎቶ ይቆርጣል፣ የባለሙያውን እጅ እያየ ይለምዳል። ይህ መንገድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተማሪው የሚታረመው በሚሠራበት ብርሃን፣ በሚያነሣው ፊት ላይ ነው። ጉድለቱ ደግሞ «እንዲህ አድርግ» ሲባል «ለምን?» የሚለው ብዙ ጊዜ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። ብርሃኑ በተለወጠ ጊዜ ልማዱ ብቻውን አይበቃም።

መጽሐፍ የተገላቢጦሹ ነው፤ ምክንያቱን ይነግራል፣ አንባቢው የቆመበትን ስፍራ ግን አያይም። ፎቶግራፍና መጽሐፍ ከመጀመሪያው አብረው የኖሩ ናቸው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1846 በክፍል በክፍል ያሳተመው መጽሐፍ ፎቶግራፎችን ከነማብራሪያቸው ያቀረበ ነበር። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ስለ ካሜራ፣ ስለ ኔጌቲቭና ስለ ኅትመት የጻፋቸው ሦስት መጻሕፍት በመጨረሻ መልካቸው እ.ኤ.አ. በ1980፣ በ1981 እና በ1983 ወጥተዋል። የማይክል ላንግፎርድ መሠረታዊ የፎቶግራፍ መማሪያ ከ1965 ጀምሮ፣ የብራያን ፒተርሰን ስለ ኤክስፖዠር የሚያስረዳው መጽሐፍ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ እየታደሱ ሲታተሙ ኖረዋል።

እነዚህን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ሁለት ዓይነት ዓረፍተ ነገሮችን መለየት ይገባዋል። አንደኛው ሕግ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 11 ሲጠብ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህ በለንደንም በእንጅባራም አይለወጥም። ሁለተኛው ልማድ ነው። «በሰሜን መስኮት አንሣ»፣ «ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ጠብቅ»፣ «የሰው ፊት ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ደረጃ ይበልጥ ይብራ» የሚሉት ከአንድ አገር ሰማይና ከአንድ አገር ሰው የተቀዱ ናቸው። ችግሩ መጻሕፍቱ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ መናገራቸው ነው።

ከቅኔ ቤት የምንወስደው

እንዲህ ያለውን ንባብ ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ትምህርት የታወቁበት አካባቢ ጎረቤቶች ነን። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ በማድነቅ ብቻ ባለቅኔ አይሆንም። አገባቡን ይማራል፤ ከዚያ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራንም አንዱን ንባብ ከፈቱ በኋላ «አንድም» እያሉ ሌላውን ፍች ያስከትላሉ፤ ንባቡን ሳይሽሩ ያሰፉታል።

በፎቶግራፍ መጽሐፍ ላይም ማድረግ ያለብን ይህንኑ ነው። ምዕራፉ አገባብ ነው፤ በዚያ ሳምንት የምናነሣው ሥዕል ቅኔ ቆጠራ ነው፤ የሚያርመን ባልደረባ መምህራችን ነው፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የምንጽፈው ማስታወሻ ደግሞ «አንድም» ነው። ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በሦስት ፈተናዎች ላሳያችሁ።

አንደኛው ፈተና፦ የፀሐይ መንገድ

እንጅባራ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ለንደን 51 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። በለንደን ፀሐይ በእኩለ ቀን ሁልጊዜ በደቡብ ናት፤ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ የምትደርሰው በበጋቸው ማለዳና ምሽት ላይ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን አልፋ ትሄዳለች፤ በነዚህ አራት ወራት ከመውጣቷ እስከ መጥለቋ የምትውለው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሰሜኑን መስኮት ከጎን ትመታዋለች። የአያቴ ፎቶ የተነሣው በግንቦት ነው። ለስላሳውን ብርሃን የሚሰጠኝ የደቡቡ መስኮት ነበር፤ እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር።

«ወርቃማው ሰዓት» የሚባለውንም እንመርምር። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ6 ዲግሪ በታች ስትሆን ብርሃኗ ቢጫና ለስላሳ ይሆናል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ፀሐይ በእኛ አገር በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ 6ቱን ዲግሪ የምትጨርሰው በ25 ደቂቃ ገደማ ነው። በለንደን በአግድም ስለምትወርድ በዚያው ወቅት ወደ 40 ደቂቃ ትወስዳለች፤ በክረምታቸው ደግሞ ከ50 ደቂቃ ይበልጣል። «አንድ ሰዓት አለኝ» ብሎ ዘንገና ሐይቅ ዳር የሚደርስ ተማሪ ሦስት እግሩን ተክሎ ሳይጨርስ ይጨልምበታል። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ በመሆኑ በዙሪያው ያለው ገደል ፀሐይዋን ከአድማስ በፊት ይጋርዳታል፤ ከ25ቱ ደቂቃም ይቀነሳል።

እኩለ ቀንም እንዲሁ ነው። የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ፣ ፀሐይ በእንጅባራ ከፍተኛውን ቦታ የምትይዘው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በታኅሣሥ በዚያ ሰዓት ለንደን ላይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፤ የምትሰጠውም የጎን ብርሃን ነው። በእኛ ዘንድ ወደ 55 ዲግሪ ትደርሳለች፤ በሚያዝያ ደግሞ አናት ላይ ቆማ የዓይንን ጉድጓድ በጥላ ትሞላለች። «በእኩለ ቀን ፊት አታንሣ» የሚለው ምክር ለእኛ ከጸሐፊው አገር ይልቅ ይጠብቃል። መፍትሔውም ከደጅ ነው፤ ሰውየውን ከጣሪያው ክፈፍ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር አስገብቶ ፊቱን ወደ ብሩሁ ሜዳ ማዞር።

ሁለተኛው ፈተና፦ ጋቢና ፊት

የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሰው ይሁን ግድግዳ አያውቅም። በፊቱ ያለው ሁሉ ተደባልቆ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል፤ በመጻሕፍት 18 ከመቶ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ተብሎ የሚታወቀው ግራጫ ነው። ነጭ ነገር ብታሳዩት ያጠቁረዋል፤ ጥቁር ነገር ብታሳዩት ያነጣዋል። ይህን ለማየት በፋግታ ለኮማ ወረዳ አንድ ቀን መዋል ይበቃል። በዚያ ገበሬው ዲከረንስ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። የከሰሉን ክምር ካሜራው እንደፈቀደ ብታነሡት አመድ ይመስላል፤ ብርሃኑን በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ መቀነስ አለባችሁ። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ነጭ ጭስ ብቻ ሞልታችሁ ብታነሡ ደግሞ የዝናብ ደመና ይመስላል፤ መጨመር አለባችሁ።

አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ የቀመረው የደረጃ ሥርዓት ለዚህ መልስ ነው። ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ ያለውን ከ0 እስከ 10 በ11 ደረጃ ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ከሚቀጥለው በእጥፍ ብርሃን ለየው። መለኪያው ሁሉን ወደ 5ኛው ደረጃ ይጎትታል፤ ሠዓሊው ግን «ይህ ነገር በስንተኛው ደረጃ ይቀመጥ?» ብሎ ይወስናል። አዳምስ ፀሐይ ያረፈበትን የነጭ ሰው ቆዳ በ6ኛው፣ ጥቁር ቆዳን በ5ኛው ደረጃ ያስቀምጣል። ብዙ አጫጭር መማሪያዎች ከዚህ ውስጥ የወሰዱት 6ኛውን ብቻ ነው፤ «ከፊት ለካና አንድ ደረጃ ጨምር» የሚለው ምክር የመጣው ከዚያ ነው።

ይህ የመጻሕፍት ጉድለት ብቻ አልነበረም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረውና «ሸርሊ ካርድ» በመባል የታወቀው የቀለም ማመሳከሪያ ለብዙ ዘመን የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር። የእርስዋ ቆዳ ሲስተካከል ቀለሙ ተስተካከለ ይባል ነበር። ስለዚህ «ፎቶ አይወጣልኝም» እያሉ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥፋቱ የፊታቸው አልነበረም።

አሁን ወደ አያቴ እንመለስ። በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር ነጭ ጋቢ በ8ኛው ደረጃ ገደማ፣ የእርስዋ ፊት በ5ኛው ይቀመጥ ነበር፤ በመካከላቸው የሦስት ደረጃ ልዩነት አለ ማለት ነው። መለኪያው ጋቢውን ወደ 5ኛው ሲያወርደው ፊቷ ወደ 2ኛው ወረደ። በዚያ ላይ ጋቢው በፀሐይ፣ ፊቷ በጥላ ነበሩ፤ ስለዚህ ከ2ኛውም ወርዶ ከጥቁሩ ጋር ተቀላቀለ። ይህን ሒሳብ የነገረኝ መጽሐፍ ነው፤ ያስተማረኝ ግን ያ ፎቶ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚደረገው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ልብሱና ፊቱ በአንድ ብርሃን ሥር እንዲሆኑ ሰውየውን ከቀጥታ ፀሐይ ማውጣት። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት ቀርቦ ከፊቱ ብቻ ለክቶ፣ ምንም ሳይጨምሩ በዚያው ቁጥር ማንሣት። ሦስተኛ፣ በጨለመው ጉንጭ በኩል ሌላ ነጭ ነጠላ ሰው እንዲይዝ በማድረግ ብርሃኑን ወደ ፊት መመለስ። ጥቁር ፊት ውበቱ የሚወጣው ለስላሳ ብርሃን ከጎን ሲንሸራተትበትና በግንባርና በጉንጭ አጥንት ላይ ሲያበራ ነው። ከዚያ በኋላ የጥለቱ ቀለም ጠፍቶ እንደሆነ ማየት፤ ጠፍቶ ከሆነ በጥቂቱ መቀነስ። ፊትና ጥለት ሁለቱም መዳን አለባቸው፤ ሁለቱን ማዳን ካልተቻለ ግን ፊት ይቀድማል።

ሦስተኛው ፈተና፦ ፈረስ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ሲከበር የዓድዋ ድል ከፈረሱ ጋር ይታሰባል። ስለ ሸተር ፍጥነት ለመማር ከዚህ የተሻለ ክፍል የለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ፈረስ በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ1/60 ሰከንድ ውስጥ ወደ 18 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል። የመጀመሪያው ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ሁለተኛው ያቆመዋል። ኢድዌርድ ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 በካሊፎርኒያ ተከታታይ ካሜራዎችን ደርድሮ፣ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ አንድ ጊዜ ከመሬት እንደሚነሡ ያሳየው በእንዲህ ያለ አጭር ቅጽበት ነው። እግሮቹ በአየር ላይ የሚሆኑት ሠዓሊዎች ይስሉት እንደነበረው ተዘርግተው ሳይሆን በሆድ ሥር ተሰብስበው ነበር።

ሕጉ ይህ ነው፤ ምርጫው ግን የእናንተ ነው። በ1/1000 ብታነሡ አቧራው ሳይቀር በአየር ላይ ይቆማል፤ ፈረሱ ግን ሐውልት ሊመስል ይችላል። በ1/30 ወይም በ1/60 ካሜራውን ከፈረሰኛው ጋር እኩል እያዞራችሁ ብታነሡ ፈረሰኛው ጎልቶ ሜዳው ይፈስሳል። ይህን ለማሳካት እጅ መልመድ አለበት፤ ብዙ ሥዕል ይበላሻል። በበዓሉ ቀን ከመጀመር ይልቅ በሳምንቱ በአስፋልቱ ላይ በሚያልፍ ባጃጅ መለማመድ ይሻላል። ባጃጁ ቢበላሽባችሁ ነገም ያልፋል፤ በዓሉ ግን የሚመለሰው በዓመቱ ነው።

ፎቶግራፍን እንደ መጽሐፍ ማንበብ

የመማሪያ መጽሐፍ ሲባል ሕግ የሚዘረዝረው ብቻ አይደለም፤ የፎቶግራፍ ስብስብም ያስተምራል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ጄራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 በኢትዮጵያ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዟል። ለዚህ አካባቢ ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ነው። ሮበርት ቺስማን ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ኖሯል፤ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1936 ከነፎቶግራፎቹ በመጽሐፍ አውጥቷል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስትከፍቱ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ አራት ጥያቄ ጠይቁ። ጥላው ወደየት ይወድቃል፤ ሰዓቱስ ስንት ይሆን? ፎቶ አንሺው ምን ያህል ርቆ፣ በምን ከፍታ ቆሟል? ብርሃኑ የተለካው ለሰማዩ ነው ወይስ ለፊቱ? በመጨረሻም፣ የተነሣው ሰው ስም አለው ወይ? አራተኛው ጥያቄ የሙያ ብቻ አይደለም። ብርሃኑ ለሰማዩ ተለክቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ስሙም ሳይጻፍ የቀረ ሰው በሥዕሉ ውስጥ ቢኖርም ለልጅ ልጆቹ የጠፋ ነው። እኛም ለነገ የምናስቀምጠው ፎቶ በዚሁ ይመዘናል።

አሠራሩ

አንድ መጽሐፍ ምረጡ፤ ሦስት አትጀምሩ። በሳምንት አንድ ምዕራፍ አንብቡና የምዕራፉን ሕግና ልማድ ለዩ። ከዚያ ያንኑ አንድ ነገር ብቻ እየለወጣችሁ አንሡ፤ ለምሳሌ አንድን ሰው በአንድ ቦታ በየሁለት ሰዓቱ። በደብተራችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፀሐይዋን አቅጣጫ፣ የሌንስ ቀዳዳውን፣ የሸተሩን ፍጥነትና አይኤስኦውን ጻፉ። ከሁሉም ጥቂቱን በወረቀት አሳትሙ፤ ስክሪን ብርሃን ስላለው የጠቆረን ፊት ያባብላል፤ ወረቀት ግን አያባብልም። የታተመውን ለባልደረባችሁ አሳዩ፤ እርሱም «ቆንጆ ነው» ብሎ እንዳያልፍ ምን እንደጎደለ እንዲናገር አስገድዱት።

ብዙዎቻችሁ ያላችሁ ስልክ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሌንስ ቀዳዳውን አይለውጥም፤ ነገር ግን በስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣታችሁ ብትነኩ ብርሃኑን ከፊቱ ይለካል፤ ከዚያም መጨመርና መቀነስ ትችላላችሁ። ስለ ፀሐይ መንገድና ስለ ጋቢው የተናገርሁት ሁሉ ለስልክም ያው ነው።

ያ አሮጌ መጽሐፍ ዛሬም አለኝ። ስለ ሰሜኑ መስኮት በሚናገረው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የጻፍሁት አንድ መስመር አለ፦ «በእኛ አገር፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት፤ ከዚያ ወዲያ የደቡቡን»። የጸሐፊውን ቃል አልሠረዝሁትም፤ ለእርሱ አገር እውነት ነውና። የአያቴንም ፎቶ በዚያው ገጽ መካከል አኑሬዋለሁ። በየቤታችሁ ፎቶ ያልተነሡ አያቶች አሉ። ምዕራፉን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ እነርሱ ሂዱ፤ አስቀድማችሁ ግን መስኮቱ ወደየት እንደሚከፈት ተመልከቱ።